መርዙ ይቅርና የመኪና ማደሪያው ይጽዳ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

አዳማ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። አዝመራ ተሰብስቦ መጋዘኖች በሚሞሉበት ወቅት «አልነሳ አለኝ» ተብለው ከሚመጡልኝ መኪኖች ጥቂት የማይባሉት ባትሪያቸው ደህና ነው፤ ሽቦአቸውን የበላው አይጥ ነው።

ከተማችን የጅቡቲ መስመር መኪኖች ማረፊያ ናት፤ የስንዴና የቦሎቄ ንግዱም ያው እዚሁ ነው። ስለዚህ ከባድ መኪኖች ከእህል መጋዘን ጎን ያድራሉ። መሬቱ ላይ እህል ፈስሷል፣ ጥግ ላይ ትርፍራፊ ምግብ ተከምሯል፣ ሞተሩ ደግሞ ገና አልበረደም። አይጥ ከዚህ የተሻለ ቤት ከየት ታገኛለች? የፊት ጥርሷ ዕድሜ ልኳን ስለሚያድግ መቦርቦሯን አትተውም። ልባሱ የተላጠ ሽቦ ብረት ሲነካ ፊውዝ ቢቃጠል እሰየው ነው፤ አለዚያ እሳት ሊነሳ ይችላል። የነዳጅ ጎማ ተበስቶ ከሆነማ አደጋው የከፋ ነው።

እኔን የሚያስፈራኝ ግን መፍትሔ ተብሎ የሚደረገው ነው። ምንነቱ ያልተጻፈበት መርዝ ከመንገድ ዳር ተገዝቶ ኮፈኖ ውስጥ ይበተናል። ያንኑ መኪና የሚጠግነው ረዳት በዚያው እጁ ዳቦ ይቆርሳል። የተመረዘችውን አይጥ የበላች ድመት ልትሞት ትችላለች፤ ድመት የሌለው ግቢ ደግሞ ለአይጥ ይመቻል።

ሹፌር ወንድሞቼ፣ ቆሎና ዳቦ ጋቢና ውስጥ አታሳድሩ። ቀናት የቆመ መኪና ከመነሳቱ በፊት ኮፈኖው ተከፍቶ ይታይ። የአይጥ ጎጆ ካገኛችሁ በደረቁ አትጥረጉት፤ ሽንቷ በሽታ ያስተላልፋል። ጓንት አድርጋችሁ፣ በረኪና በተቀላቀለበት ውሃ አርጥባችሁ አንሱት። ሽታው ካልጠፋ ሌሎች አይጦችም ይከተሉታል። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ብርቱካናማው ሽቦ ተልጦ ካያችሁ ግን በፍጹም አትንኩ፤ ሰው የሚገድል ኃይል ያለበት ነው፣ የሠለጠነ ባለሙያ ጥሩ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ግቢው ከቆሸሸ ልፋቱ ከንቱ ነው። ሹፌሩ ለአዳር ይከፍላል፤ በምላሹ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ዘበኛና አጥር ብቻ ነው። የከተማው አስተዳደር ለመኪና ማደሪያ ፈቃድ ሲሰጥና ሲያድስ ክዳን ያለው የቆሻሻ ማጠራቀሚያ መኖሩን፣ የፈሰሰ እህል በየቀኑ መጠረጉን፣ ከመጋዘኑ ጋር የሚያዋስነው ግድግዳ ቀዳዳ መደፈኑን አይቶ ይሁን። አይጥ በአውራ ጣት ስፋት ቀዳዳ ስለምታልፍ ተቆጣጣሪው ጎንበስ ብሎ ይመልከት።

ከአክብሮት ጋር
የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ከአዳማ