ከካሜራ ጀርባ ስለሚደረግ እርዳታ

ለዝግጅት ክፍሉ፤

የቴሌቪዥን ተዋንያን ስለሚያደርጉት እርዳታ የሚወጡት ዘገባዎች በአብዛኛው በተለገሰው ገንዘብና በርክክቡ ሥነ ሥርዓት ላይ ያተኮሩ ናቸው። እኔ ግን ተዋናይ ለሌላው ከሚያበረክተው ሁሉ ገንዘቡ ትንሹ ነው ባይ ነኝ፤ ትልቁ ሰሚ ያጣ ሰው እንዲሰማ ማድረጉ ነው።

ለዚህ አሜሪካዊውን ተዋናይ ጃክ ክለግማንን ልጥቀስ። በአሜሪካ እምብዛም በማያጋጥሙ በሽታዎች ለሚሠቃዩ ሰዎች መድኃኒት ለመሥራት የሚደፍር ኩባንያ ጥቂት ነበር፤ ገዢው አነስተኛ ስለሆነ የምርምሩ ወጪ አይመለስምና። ሕሙማኑና ወላጆቻቸው አቤት ቢሉም ብዙ ጆሮ አላገኙም። በዚያን ጊዜ በአንድ ተከታታይ ድራማ የአስከሬን መርማሪ ሐኪም ሆኖ ይተውን የነበረው ክለግማን፣ እ.ኤ.አ. በ1981 የድራማው አንድ ክፍል ቱሬት ስለተባለው የነርቭ ሕመም ከተላለፈ በኋላ፣ ራሱ በምክር ቤቱ ንዑስ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ መሰከረ። እርሱን ብለው የመጡ ጋዜጠኞችም የሕሙማኑን ጉዳይ ይዘው ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ1983 መጀመሪያ የጸደቀው ሕግ እንዲህ ያለ መድኃኒት ለሚያወጣ ኩባንያ የ7 ዓመት ብቸኛ የሽያጭ መብትና የግብር ማበረታቻ የሰጠ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በመቶዎች የሚቆጠሩ መድኃኒቶች ተፈቅደዋል። ሕጉ የብዙዎች ልፋት ውጤት ነው፤ ሁሉንም ለአንድ ተዋናይ መስጠት ለዓመታት የደከሙትን ቤተሰቦች መበደል ይሆናል።

በወሲብ ጥቃት መርማሪነት የምትተውነው ማሪሽካ ሃርጊቴም፣ ጥቃት የደረሰባቸው ተመልካቾች ታሪካቸውን ሲጽፉላት የምክር አገልግሎት ሥልጠና ወስዳ እ.ኤ.አ. በ2004 ጆይፉል ሃርት የተባለውን ድርጅት መሠረተች። በአሜሪካዋ ዲትሮይት ከተማ ፖሊስ መጋዘን እ.ኤ.አ. በ2009 እንደተገኙት ከ11,000 በላይ የወሲብ ጥቃት ማስረጃ ሣጥኖች፣ ሳይመረመሩ የተከማቹ ማስረጃዎች እንዲመረመሩም ስትወተውት ኖራለች። የዚህ ሥራ አብዛኛው ክፍል ስብሰባና ደጅ ጥናት በመሆኑ ለፎቶግራፍ አይመችም።

ለጋሹ መታየቱ ሌሎችን ያነሣሣል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ክርክራቸውን አልንቅም። ነገር ግን ችግረኛው በካሜራ ፊት እያለቀሰ እንዲያመሰግን ሲደረግ፣ እርዳታው ክብሩን የሚያስከፍል ይሆንበታል፤ እምቢ ለማለትም አቅም የለውም።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ የተረጂዎችን ፎቶግራፍ ያለ ነጻ ፈቃዳቸው እንዳያወጣ፣ ተዋንያኑ ያነሡት ጉዳይም ከወራት በኋላ ከምን እንደደረሰ ተከታትሎ እንዲዘግብ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢያችሁ