ሁለት ጊዜ ስለሚሠራ ሥራ ወጪ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለክቡራን ደንበኞቻችን

ጉዳዩ፦ በግንባታ ወቅትና ከርክክብ በኋላ የሚያጋጥመንን የጥራት ጉድለት ወጪ መመዝገብ ስለመጀመራችን

ቤታችሁን ተረክባችሁ ለምትኖሩም ሆነ ግንባታው እስኪጠናቀቅ ለምትጠባበቁ ደንበኞቻችን ልናሳውቃችሁ የምንወደው ጉዳይ አለ። ድርጅታችን በሚሠራቸው ሕንፃዎች ሁሉ ሁለት ጊዜ የተሠራን ሥራ፣ ማለትም በመጀመሪያው ጊዜ በትክክል ባለመሠራቱ ፈርሶ፣ ተቆርጦ ወይም ተፍቆ እንደገና የተሠራን ማናቸውንም ነገር፣ ከነምክንያቱና ከነወጪው መመዝገብ ጀምሯል። ይህ አሠራር የርክክብ ቀናችሁን፣ የለውጥ ጥያቄ የምታቀርቡበትን ጊዜና ብልሽት ስታዩ የምታሳውቁበትን መንገድ ስለሚነካ፣ ምክንያቱን በዝርዝር ማስረዳት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ለዚህ ውሳኔ ያበቃን አንድ መታጠቢያ ቤት ነው። አንድ ደንበኛችን ቤታቸውን ከተረከቡ ጥቂት ወራት እንዳለፉ፣ ከእርሳቸው ሥር ባለው ቤት ኮርኒስ ላይ መዳፍ የምታህል ቢጫ እድፍ ታየች። ቀለም ቀባንባት፤ ተመልሳ ወጣች። ሴራሚኩ ሲነሣ የውሃ መከላከያው ሽፋን በሩ አጠገብ ሁለት ቦታ ላይ ተበስቶ ተገኘ። ሽፋኑ ውሃ ተኝቶበት ተፈትኖ ያለፈ ነበር፤ የተበሳው ከፈተናው በኋላ፣ የበሩ መቃን ሲገጠም ነው። መቃኑን የገጠመው ባለሙያ ከሚበሳው ወለል ሥር ምን እንዳለ የነገረው ሰው አልነበረም።

የዚያ ሴራሚክ ዓይነት ከገበያ ጠፍቶ ስለነበር ጥቂት ሴራሚክ ልንተካ ተነሥተን ወለሉን በሙሉ ቀየርን። የታችኛው ቤት ኮርኒስ ተፍቆ እንደገና ተቀባ፤ የቧንቧ ሠራተኛችን ከሌላ ሕንፃ ተነሥቶ በመምጣቱ እዚያ የተጀመረው ሥራ ቆመ፤ ሁለቱም ቤተሰቦች ሠራተኛ ለማስገባት ሲሉ ከሥራቸው ቀሩ። በሒሳብ መዝገባችን የሰፈረው ግን የሴራሚኩ፣ የማጣበቂያውና የቀለሙ ዋጋ ብቻ ነበር፤ እርሱም «ልዩ ልዩ ጥገና» በሚል አርዕስት ሥር። መዝገቡን ያየ ሰው ትንሽ ጥገና እንደተደረገ እንጂ ምን ያህል ድካምና ጊዜ እንደባከነ ሊያውቅ አይችልም፤ እኛም ለዓመታት ያላወቅነው በዚሁ ምክንያት ነው።

እንዲህ ያለውን ወጪ የመለየት ዘዴ አዲስ አይደለም። የጥራት ባለሙያው አርማንድ ፋይገንባም እ.ኤ.አ. በ1956 ባወጣው ጽሑፍ የጥራትን ወጪ ጉድለትን ለመከላከል የሚወጣ፣ ለፍተሻ የሚወጣና ጉድለቱ ራሱ የሚያስከትለው ብሎ ከፍሎታል፤ ሦስተኛው ደግሞ ዕቃው ከአምራቹ እጅ ሳይወጣ የተገኘና ደንበኛው ዘንድ ከደረሰ በኋላ የተገኘ ተብሎ ለሁለት ይከፈላል። አከፋፈሉ የተጀመረው ለፋብሪካ ቢሆንም ለእኛ ሥራ ይበልጥ ያስፈልጋል ብለን እናምናለን፤ ምክንያቱም በሕንፃ ሥራ የአንዱ ባለሙያ ሥራ የሌላውን ይሸፍናል። አርማታው የኤሌክትሪክ መስመሩን፣ ልስኑ ቧንቧውን፣ ሴራሚኩ የውሃ መከላከያውን ይሸፍናል፤ ስለዚህ የአንድ ስሕተት ዋጋ የሚወሰነው በስሕተቱ መጠን ብቻ ሳይሆን መቼ በመታየቱም ነው።

ለምሳሌ ለፍሳሽ ቱቦ ማለፊያ መተው የነበረበት ቀዳዳ ተረሳ እንበል። ንድፉ ላይ ከታየ በአንድ መስመር ይታረማል፤ ካሳፎርማው፣ ማለትም አርማታው የሚሞላበት ቅርጽ፣ ላይ ከታየ አናጢው ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። አርማታው ከተሞላ በኋላ ሲታይ ግን በማሽን መብሳት፣ ምናልባትም ፌሮ መቁረጥና ከመቆረጡ በፊት የመዋቅር መሐንዲሱን ፈቃድ መጠየቅ ይመጣል። ኮንክሪትም እንዲሁ ነው። ሠራተኛው በቀላሉ እንዲፈስለት ብሎ ውሃ ሲጨምርበት ጥንካሬው ይቀንሳል፤ ጥንካሬው በመደበኛነት የሚረጋገጠው ግን ናሙናው በ28ኛው ቀን ሲፈተን ነው፤ እስከዚያ ድረስ ደግሞ ከላይ ያለው ወለል ተሞልቶ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት ቅጥነቱን የሚለካ አንድ ሰው በቦታው ማቆም ከአንድ ወር በኋላ ከሚመጣ ወረቀት ይልቅ ይጠቅማል። ሕንፃው አድጎ ሰው ከገባበት በኋላ ምሰሶ ማጠናከር ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገንም።

አሁን እያንዳንዱ ድጋሚ ሥራ አንድ ቅጽ ይሞላለታል። በቅጹ ላይ ስሕተቱ የመጣበት ምክንያት፣ የታየበት ደረጃ፣ የባከነው የሠራተኛ ቀን፣ የተጣለው ዕቃና በዚህ ሳቢያ የቆመ ሌላ ሥራ ይጻፋል። ድምሩ በየወሩ ከሕንፃው ጠቅላላ ወጪ ጋር በመቶኛ ይነጻጸራል። ስሕተቱን ራሱ ያስመዘገበ ሠራተኛ በዚህ ምክንያት ደመወዙ አይቆረጥም፤ ቅጣት የሚፈራ ግንበኛ የተሰነጠቀውን በልስን ይሸፍነዋልና። በመጀመሪያዎቹ ወራት አኃዙ ከፍ ብሎ እንደሚታይ እንጠብቃለን፤ ይህም የሚሆነው ሥራው ስለባሰ ሳይሆን ቀድሞ ያልተጻፈው መጻፍ ስለጀመረ ነው።

ከመዝገቡ ጎን ለጎን የሥራውን ቅደም ተከተልም ቀይረናል። የቧንቧ መስመር በግፊት ሳይፈተንና ፎቶግራፍ ሳይነሣ ልስን አይለሰንም፤ መታጠቢያ ቤት ቢያንስ ለ24 ሰዓት ውሃ ሳይተኛበት ሴራሚክ አይነጠፍበትም፤ ፈተናውን ያለፈ ክፍል ደግሞ ይቆለፋል፤ ቁልፉም የሚገኘው ከሳይት መሐንዲሱ ብቻ ነው። ፎቶግራፎቹን በርክክብ ቀን ትረከባላችሁ፤ ወደፊት ግድግዳ ስትበሱ ቧንቧው በየት እንደሚያልፍ ታውቁበታላችሁ።

ይህ ከእናንተም ትዕግሥት ይጠይቃል። ግድግዳ የማንሣት ወይም የመታጠቢያ ቤት ዕቃ ቦታ የመቀየር ጥያቄ የምንቀበለው የወለሉ አርማታ ከመሞላቱ በፊት ብቻ ይሆናል። ልስኑ በደንብ ሳይደርቅ ቀለም ስለማናስቀባ የርክክብ ቀናችሁ የሚራዘምበት ጊዜ ሊኖር ይችላል፤ ሲራዘምም ምክንያቱን በጽሑፍ እናሳውቃችኋለን። ለመከላከያና ለፍተሻ የምናወጣውን ተጨማሪ ወጪ በውል በተስማማንበት ዋጋ ላይ አንጨምርም፤ በሚቀንሰው ድጋሚ ሥራ ልንሸፍነው አስበን የጀመርነው ነውና።

ከሁሉም በላይ የምንለምናችሁ ግን አንድ ነገር ነው። ብዙዎቻችሁ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ወይም የማይዘጋ በር ሲያጋጥማችሁ እኛን ላለማስቸገር ብላችሁ በራሳችሁ ባለሙያ እንደምታሠሩ እናውቃለን። ይህ ጨዋነታችሁ ነው፤ ነገር ግን በእናንተ ኪስ የተጠገነው ብልሽት በእኛ መዝገብ ላይ ስለማይታይ፣ ያው ስሕተት በሚቀጥለው ሕንፃ ላይ ይደገማል። ስለዚህ ከርክክብ ወዲህ ያያችሁትን ሁሉ፣ ያሠራችሁትንም ጭምር፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በተያያዘው ቅጽ ላይ ሞልታችሁ ለቢሯችን እንድታደርሱልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ያሠራችሁበት ደረሰኝ ካላችሁ አያይዙት፤ ብልሽቱ ከእኛ ሥራ የመጣ ሆኖ ከተገኘ ገንዘባችሁን እንመልሳለን።

ከአክብሮት ጋር

የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ