የጉዞ መሪዎቻችን አንዳንድ ጊዜ ወደ ወንዙ እንዳትገቡ የሚከለክሏችሁ ለምንድን ነው?

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

በዱር ፓርኩ ወንዞች ውስጥ በእግራችሁ እየገባችሁ ትራውት ዓሣ ለማጥመድ ከእኛ ጋር ከወጣችሁት መካከል ጥቂቶቻችሁ አንድ ዓይነት ቅሬታ አቅርባችሁልናል። የከፈላችሁት ውኃ ውስጥ ቆማችሁ ለማጥመድ ሆኖ ሳለ፣ መሪዎቻችን ምቹ በሚመስለው ቦታ ሁሉ «እዚህ አይገባም፤ በዳር በኩል እንለፍ» እያሉ የቀኑን እኩሌታ በሣር ላይ እንዳስኬዷችሁ ገልጻችኋል። ምክንያቱን ከጉዞው በፊት ማስረዳት ይገባን ስለነበር ቅሬታውን ተቀብለነዋል፤ ክልከላው ግን ይቀጥላል።

ዋናው ምክንያት ከጠጠሩ ሥር የተቀበረው እንቁላል ነው። ሴቷ ትራውት እንቁላል የምትጥልበት ጊዜ ሲደርስ፣ ጥልቀት በሌለውና ውኃው ሳያቋርጥ በሚፈስበት ጠጠራማ ቦታ በጎኗ ጋደም ብላ ጠጠሩን በጅራቷ እየመታች ጉድጓድ ትቆፍራለች፤ የጣለችው እንቁላል በወንዱ ከዳበረ በኋላም ከጉድጓዱ በላይ፣ ውኃው ከሚመጣበት በኩል ያለውን ጠጠር እየገፋች ትሸፍነዋለች። ቦታው አዲስ ሳለ በዙሪያው ካለው ጠጠር የነጣና የጸዳ ሞላላ ሆኖ ይታያል። በላይኛው በኩል ጎድጎድ፣ በታችኛው በኩል ደግሞ ጉብ ይላል። እንቁላሎቹ የሚገኙት ጉብ ባለው ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ የሚያሳዝነው ነገር በጎርባጣ ወንዝ ውስጥ የሚሄድ ሰው እግሩን ለማሳረፍ የሚመርጠውም ይህንኑ ለስለስ ያለ ቦታ መሆኑ ነው።

«ዓሦቹ እንቁላላቸውን ጥለው ከሄዱ በኋላስ ምን ችግር አለው?» የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ይቀርብልናል። የቀስተ ደመና ትራውት እንቁላል 10 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ውኃ ውስጥ ለመፈልፈል አንድ ወር ገደማ ይፈጅበታል፤ ቡናማው ትራውት ግን የሚራባው ውኃው እየቀዘቀዘ በሚሄድበት ወቅት ስለሆነ እንቁላሉ ወራት ሊቆይ ይችላል። የተፈለፈሉት ጫጩቶችም ወዲያው አይወጡም፤ ሆዳቸው ላይ የተንጠለጠለውን አስኳል እየተመገቡ ለሳምንታት በጠጠሩ መሃል ይቆያሉ። በእነዚህ ሳምንታት ውስጥ የነጣው ጠጠር አልጌ ለብሶ ከአካባቢው ጋር ስለሚመሳሰል፣ ልምድ ያለው ዓይን እንኳ በቀላሉ አይለየውም። መሪዎቻችን ዓሦቹ እንቁላል ሲጥሉ ያዩባቸውን ቦታዎች መዝግበው የሚይዙትም፣ ለእናንተ ተራ ጠጠር በሚመስለው ስፍራ ድንገት የሚያስቆሟችሁም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ በአሜሪካ ሞንታና ግዛት የተካሄደ ጥናት፣ በጠጠሩ ላይ ልክ ከመፈልፈሉ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ መሄድ እስከ 43 በመቶ፣ በዕድገቱ ጊዜ ሁሉ በየቀኑ ሁለት ጊዜ መሄድ ደግሞ እስከ 96 በመቶ የሚሆነውን እንቁላልና ጫጩት ሊገድል እንደሚችል አሳይቷል። በአንድ ወቅት ብዙ ደንበኞችን እያከታተለ ወደ አንድ ወንዝ የሚያስገባ እንደ እኛ ያለ ድርጅት ይህን ቁጥር አይቶ ዝም ሊል አይችልም።

ሁለተኛው ምክንያት ሙቀት ነው። ትራውት የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ ነው፤ ውኃ ሲሞቅ ደግሞ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። በባሕር ጠለል ከፍታ 10 ዲግሪ የሆነ ውኃ በሊትር 11 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ 20 ዲግሪ የሆነው የሚይዘው 9 ሚሊግራም ያህል ነው። በዚህ ላይ በመንጠቆ ተይዞ የታገለ ዓሣ ከወትሮው የበለጠ ኦክስጅን ስለሚፈልግ፣ በጥንቃቄ ቢለቀቅም ሊሞት ይችላል። ስለዚህ መሪው በቴርሞሜትር የለካው ውኃ 19 ዲግሪ ሲደርስ ማጥመዱን እናቆማለን፤ በሞቃት ወራትም ጎህ ሲቀድ እንድትነሡ የምናስቸግራችሁ ውኃው ይህን ያህል ከመሞቁ በፊት በቂ ጊዜ እንድታገኙ ብለን ነው።

ሦስተኛው የእናንተው ደኅንነት ስለሆነ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። የውኃ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር በእግር ላይ የሚያሳርፈው ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ከጉልበት በላይ በሆነ ፈጣን ውኃ ውስጥ ጠንካራ ሰውም ሊወድቅ ይችላል። የምንሰጣችሁን ምርኩዝ አትጣሉ፤ ውኃ የማያስገባውን ሱሪ ቀበቶም ስትወድቁ ውኃ በፍጥነት እንዳይሞላበት አጥብቃችሁ እሰሩ።

ስለ ጫማም አንድ ነገር እንጨምር። ሶሉ ከፌልት (ታምቆ ከተሠራ ወፍራም ጨርቅ) የተሠራ ጫማ በሚያዳልጥ ድንጋይ ላይ ጥሩ እንደሚይዝ እናውቃለን፤ ነገር ግን እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ ጥቃቅን ተውሳኮችንና አልጌዎችን ከወንዝ ወደ ወንዝ ሊያጓጉዝ ይችላል። ኒውዚላንድም ዲዲሞ የተባለው አልጌ በወንዞቿ ውስጥ ከተገኘ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2008 እንዲህ ያለውን ጫማ ከልክላለች። እኛ ጋር የጎማ ሶል ያለው ጫማ ይሰጣችኋል፤ የራሳችሁን የምታመጡ ከሆነ ታጥቦ ሙሉ በሙሉ የደረቀ ይሁን።

ከእንግዲህ ጉዞ ስታስመዘግቡ በዚያ ሳምንት ወደ ውኃ መግባት የሚቻልባቸውንና ከዳር ሆኖ ብቻ የሚጠመድባቸውን የወንዙን ክፍሎች አስቀድመን እንነግራችኋለን። በዚያ ላይ ተመሥርታችሁ ቀኑን መለወጥ ብትፈልጉ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንቀይርላችኋለን። የጫማ ቁጥራችሁንና ከዚህ በፊት በወራጅ ውኃ ውስጥ የመሄድ ልምድ እንዳላችሁም በምዝገባው ጊዜ ብትገልጹልን፣ መሪው የሚመጥናችሁን ቦታ ከወዲሁ ይመርጥላችኋል።

ከሰላምታ ጋር፣
የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ