ፎቷቸው ግድግዳ ላይ ይሰቀልላቸው፦ ለጅማ ተማሪዎች የፎቶ ውድድር የድጋፍ ጥሪ

ባለፈው ሰኔ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ አያቷን ይዛ ወደ ፎቶ ኤግዚቢሽናችን መጣች። አያትየው ከጅማ አጠገብ ካለው ከማና ወረዳ ነው የመጡት፣ ለዚሁ ብለው። ልጅቷ ያነሳችው የእሳቸውን እጅ ነው። የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን እሸት ቡና ሲያገላብጡ፣ አረንጓዴውን ከቀዩ ሲለዩ። ጥፍራቸው ሥር የገባው ገለፈት ሳይቀር ይታያል። ያነሳችበት የእናቷ ስልክ መስታወቱ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል፤ ፎቶው ላይ ግን አንድም እንከን የለም። ከመጡት ፎቶዎች ሁሉ እኔ የወደድኩት እሱን ነበር።

ያንን ፎቶ ያሳተምነው በቢሮ ፕሪንተር፣ በተራ ኤ ፎር ወረቀት ነው። ግድግዳው ላይ በፕላስተር ለጠፍነው። ሌሊቱን ዘነበ። የጅማን የሰኔ ዝናብ ታውቁታላችሁ። የአዳራሹ ጣሪያ ያፈስስ ነበር። ጠዋት ስንከፍት ግማሾቹ ወረቀቶች መሬት ላይ ናቸው፤ የእጁ ፎቶ ደግሞ ቀለሙ ወርዶ ሰማያዊ ጅረት ሆኗል። አያትየው «የቱ ነው?» አሉ። ልጅቷ ጠቆመቻቸው። ቀረብ ብለው አዩት፣ ምንም አልተናገሩም። ልጅቷም አልተናገረችም።

እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ የትምህርት ቤታችንን የፎቶ ክበብም እመራለሁ። ዘንድሮ ያ ነገር እንዲደገም አልፈልግም። ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው።

ውድድሩ ለጅማ ከተማ ተማሪዎች ነው፤ ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል፣ የመንግሥትም የግልም ትምህርት ቤት። የየትምህርት ቤቱ ክበብ ከተማሪዎቹ ፎቶ ይሰበስባል፤ 40 ፎቶ ተመርጦ ለሕዝብ ይታያል። ዳኞቹ የልጆቹን ስምም ሆነ ትምህርት ቤታቸውን አያዩም፤ የሚያዩት ቁጥር ብቻ ነው። እያንዳንዱ ፎቶ ሥር በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ መግለጫ ይኖራል፤ የሚጽፈው ያነሳው ልጅ ራሱ ነው። ሰው ከማንሳት በፊት ማስፈቀድ ግዴታ ነው። ይህቺን ሕግ በጣም ነው የማጠብቃት። ሐሙስ ገበያ ላይ አንዲትን እናት ሳያስፈቅዱ ካሜራ መደቀን ነውር መሆኑን ልጅ ሆነው ቢያውቁት ይሻላል።

ክበቡ ውስጥ የምንሠራውን ብታዩ ደስ ይላችኋል። መጀመሪያ ካሜራ አንነካም። ካርቶን በመርፌ እንበሳለን፤ ከቀዳዳው ትይዩ ያለውን ጎን ቆርጠን ዘይት የተቀባ ወረቀት እንለጥፍበታለን። ልጆቹ ጋቢ ይከናነቡና ወረቀቱን ያያሉ። ግቢ ውስጥ ያለው ዋንዛ ከነቅርንጫፉ ተዘቅዝቆ ይታያል። «ቲቸር፣ ዛፉ ተገለበጠ!» የማይል የለም። ከዚያ ብርሃን በቀጥታ እንደሚጓዝ፣ የብርሃን ተመራማሪው ኢብኑል ሀይሰም ከ1,000 ዓመት በፊት ይህንኑ ነገር በጨለማ ክፍል ውስጥ እንዳጠና እነግራቸዋለሁ። በጠመኔ ብቻ ሳስተምር የሚያንቀላፋው ልጅ ያን ቀን ጥያቄ አያልቅበትም።

ቀጥሎ ብርሃን ፍለጋ ነው። ጥሩ ብርሃን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ልጆቹ በእግራቸው ወደ ትምህርት ቤት የሚመጡበት ሰዓት ማለት ነው። ጭጋጉ ከአዌቱ ወንዝ ላይ ገና ሲነሳ፣ የባጃጁ መብራት በጉም ውስጥ ሲመጣ፣ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ሰው ሲሰለፍ። ሁሉም ሰው ጅሬን ወጥቶ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ከፊት ለፊት ያነሳል። ያው ፎቶ ነው የሚሆነው። ልጆቹን ወደ እንጨቱ ጠጋ በሉ፣ የተጠረበውን እዩ እላቸዋለሁ።

አንድ ነገር ያሳስበኛል። ከተማችን ፊቷን እየለወጠች ነው። መንገዱ እየሰፋ፣ የኮሪደር ልማቱ እየተሠራ፣ የወንዙ ዳር እየተቀየረ ነው። ጥሩ ነው። ግን ትናንት የነበረውን የሻይ ቤት በረንዳ፣ የቆርቆሮ ሱቅ፣ በርጩማ የሚጠርቡትን አባት ዛሬ ያላነሳ ልጅ ነገ አያገኛቸውም። ለረጅም ጊዜ የእኛን ነገር ያነሱልን ከውጭ የመጡ ሰዎች ናቸው። ፎቶግራፍ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ በ2003 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶ ፌስቲቫል ስትጀምር ትልቁ ቁም ነገር ይኸው ነበር፦ አፍሪካን አፍሪካውያን ራሳቸው ያሳዩ። እኔ ደግሞ ጅማን የጅማ ልጆች ያሳዩዋት እላለሁ።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። አንዱን ፎቶ በ30 በ45 ሳንቲ ሜትር በደንብ አሳትሞ፣ ፍሬምና መስታወት ለማስገባት 1,500 ብር ተነግሮናል። የ40ው ፎቶ 60,000 ብር ይሆናል። ለሚሞሪ ካርድ፣ ለባትሪ፣ ለመግለጫው ወረቀትና ከሩቅ ለሚመጡ ልጆች ትራንስፖርት 25,000 ብር ይዘናል። በአጠቃላይ 85,000 ብር። የገንዘብ ሽልማት የለም። ኤግዚቢሽኑ ሲያልቅ ፎቶው ከነፍሬሙ የልጁ ነው፤ ቤቱ ይዞት ይሄዳል። ፎቶው የማን እንደሆነም ግልጽ ነው፤ መብቱ የተማሪው ነው፣ ሳያስፈቅድ ማንም አይጠቀምበትም።

ከገንዘብ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ካሜራ ነው። ባለፈው ዓመት የተወዳደረው ስልክ ያለው ልጅ ብቻ ነበር። ይህ ልክ አልነበረም፤ ጥፋቱም የእኔ ነው፤ አስቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ። ዘንድሮ ካሜራው ከተማሪ ወደ ተማሪ ይዞራል፤ ለአንድ ልጅ ሦስት ሦስት ቀን። እስካሁን ያለን ሁለት ነው። ስለዚህ ቁም ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ዲጂታል ካሜራ ካላችሁ ስጡን። 8 ሜጋፒክስል ለዚህ የሕትመት መጠን ይበቃል። የማትጠቀሙበት ስልክም ካሜራው ከሠራ፣ መስታወቱ ቢሰነጠቅ ችግር የለውም። ይህን ከዚያች ልጅ ተምረናል።

እንጨት ሠሪዎቻችንንም በአክብሮት እለምናለሁ። በባለ ሦስት እግር በርጩማ የምትታወቅ ከተማ የፎቶ ፍሬም ማጣት የለባትም። ከሥራ የተረፈ ቁራጭ ጣውላ ይበቃናል። አምስት ፍሬም የሠራ ሰው የአምስት ልጅ ፎቶ አዳነ ማለት ነው። ፎቶ ቤት ያላችሁ ደግሞ በሕትመት ዋጋ ብታስተያዩን፣ ወይም ቅዳሜ ከሰዓት መጥታችሁ ለልጆቹ አንድ ሰዓት ብታስተምሩልን ትልቅ እርዳታ ነው። እና ጣሪያው የማያፈስ አዳራሽ ያለው ሰው ካለ፣ እባካችሁ።

ገንዘቡን የሚይዘው የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረቱ ነው። ያለ ሦስት ሰው ፊርማ አይወጣም። የሒሳብ ቁጥሩ በሚሳተፉት ትምህርት ቤቶች ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል፤ ካሜራና ስልክም እዚያው ለክበቡ መምህር በደረሰኝ ይሰጣል። የገባውና የወጣው በዚያው ሰሌዳ ላይ በየወሩ ይለጠፋል። ከጅማ ውጭ፣ ውጭ አገርም ያላችሁ የጅማ ልጆች እዚህ ባለ ዘመድ በኩል መላክ ትችላላችሁ። መቶ ብርም ብር ነው። እስከ ኅዳር 30 ቢደርሰን ሕትመቱን በጊዜ እናስጀምራለን።

ለወላጆች አንድ አደራ። ልጃችሁ የወደደውን ፎቶ በቴሌግራም ሲልክልን እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ። እንደ ፎቶ ከተላከ ቴሌግራም ያሳንሰዋል፤ ስልክ ላይ ያማረው፣ ሲታተም ይደበዝዛል። ስልኩን ከመሸጣችሁ ወይም ከማስፎርማታችሁ በፊትም ልጆቹን ጠይቁ። ባለፈው ዓመት ሦስት ጥሩ ፎቶዎች እንዲሁ ጠፍተውብናል።

ኤግዚቢሽኑን ዘንድሮ ወደ ጥር መጨረሻ አምጥተነዋል። ዝናብ የለም፣ የቡና ለቀማውም ያልቃል። የአያትየው እጅ ፎቶ ዋናው ፋይል እኔ ጋ አለ። ውድድር ውስጥ አይገባም፤ 41ኛ ሆኖ ከበሩ ፊት ለፊት ይሰቀላል። የእሱን ሕትመትና ፍሬም ከኪሴ ከፍያለሁ። ልጅቷ አሁን ስምንተኛ ክፍል ናት፤ አያቷን ከማና ይዛ እንደምትመጣ ነግራኛለች።