በግቢዬ ለፍልፈል ተብሎ ስለተሰጠኝ አገልግሎት የቀረበ ቅሬታ

ደሴ
ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተባይ መከላከልና ማጥፋት አገልግሎት ድርጅት ሥራ አስኪያጅ
ደሴ

ጉዳዩ፦ በግቢዬ የተቀበረውን ኬሚካል ምንነት በጽሑፍ እንድታሳውቁኝ፣ ቀሪውንም እንድታነሱና ክፍያዬን እንድትመልሱ ስለመጠየቅ

በጦሳ ተራራ ግርጌ ባለው ዳገት ላይ በሚገኘው መኖሪያ ቤቴ ግቢ ጉዳት ያደርስ የነበረውን ፍልፈል እንድታስወግዱልኝ መስከረም 14 ቀን ከድርጅታችሁ ጋር ውል ተፈራርሜ 7,400 ብር አስቀድሜ ከፍያለሁ። ባለሙያችሁ ሦስት ጊዜ መጥቶ፣ በሦስተኛው ቀን ሥራው መጠናቀቁን በፊርማው አረጋግጦ ሄዷል። ውሉ በተፈረመበት ዕለት በግቢው ውስጥ የነበረው ትኩስ የአፈር ቁልል 6 ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ከመቀመጤ በፊት ዞሬ ስቆጥረው 11 ሆኗል። ነገሩ የቁልሉ መብዛት ብቻ ቢሆን ኖሮ በስልክ ነግሬአችሁ እጨርሰው ነበር። በጽሑፍ ለማቅረብ የተገደድኩት የምታስወግዱትን እንስሳ ምንነት ሳታጣሩ ሥራ በመጀመራችሁና በመጨረሻም ከመኝታ ቤቴ ግድግዳ ሥር ስሙን ያልነገራችሁኝን ኬሚካል ቀብራችሁ በመሄዳችሁ ነው።

ግቢዬ በሦስት እርከን የተከፈለ ሲሆን እርከኖቹን የያዛቸው ያለ ሲሚንቶ የተደረደረ የድንጋይ ካብ ነው። በላይኛው እርከን ከእናቴ የወረስኩት ጌሾና ሁለት የኮክ ዛፎች፣ በመካከለኛው ድንች፣ ካሮትና ቀይ ሥር፣ በታችኛው ደግሞ ቤቱ ይገኛሉ። ከክረምቱ መውጣት ጋር አፈሩ ገና እርጥብ ሳለ ቁልሎቹ ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። የድንቹ ቅጠል ቆሞ ሳለ ይጠወልጋል፤ ሲጎትቱት ያለ ምንም ተቃውሞ ይመጣል፤ ከሥሩ ያለው ድንች ተበልቷል። አንደኛው የኮክ ችግኝም በዚሁ መንገድ ደርቋል። ይህን ያደረገው ፍልፈል መሆኑን በዚህ አካባቢ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ወደ ድርጅታችሁ በደወልኩ ጊዜም በዚሁ ስሙ ነግሬአችኋለሁ፤ ውሉም ላይ የተጻፈው ይኸው ቃል ነው።

ባለሙያችሁ በመጀመሪያው ቀን ሲመጣ ቁልሎቹን ከሩቅ አይቶ «እትዬ፣ ሁሉም አይጥ ነው፤ አብሽሩ፣ ነገ ይጠፋል» አለኝ። መርዝ የተለወሰ የስንዴ ጥሬ በየቁልሉ አናት ላይ በተነ። ፍልፈል ግን ጥሬ ለመልቀም ወደ ላይ የሚወጣ እንስሳ አይደለም። አብዛኛውን ዕድሜውን ከመሬት በታች ያሳልፋል፤ አፈሩን የሚፈነቅለው በፊት ጥርሶቹ ነው፤ ዋነኛ ምግቡም ከዋሻው ሳይርቅ የሚያገኘው ሥርና ድንች ነው። ከዚህም በላይ ለየብቻው የሚኖር እንስሳ በመሆኑ አንዱ በልቶ ቢሞት እንኳ የሌላውን ዋሻ ነገሩ አይነካውም። ስንዴውን የበላው ማን እንደሆነ ሳይመሽ ታወቀ፤ አራት ዶሮዎቼ ከጓሮ በር ላይ ተዘርግተው ተገኙ። በደወልኩ ጊዜ ከቢሮአችሁ የተሰጠኝ መልስ «ዶሮዎቹን መዝጋት ነበረብዎት» የሚል ነበር። መዝጋት እንዳለብኝ ግን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው የለም፤ በውሉም ላይ ስለ ቤት እንስሳት አንድም ቃል አልሰፈረም።

በሁለተኛው ጉብኝት በፀሐይ ብርሃን የሚሠራና መሬት ውስጥ ተተክሎ ድምፅና ንዝረት የሚሰጥ መሣሪያ ሁለት ፍሬ ተተከለልኝ። ለዚህም ከውሉ ውጭ ለእያንዳንዱ 1,300 ብር ተጨማሪ ከፍያለሁ። በማሸጊያው ላይ የታተመው ሥዕል የኛ ፍልፈል አይደለም። ጎፈር የሚባል እንስሳ ሲሆን የሚኖረው በሰሜንና በመካከለኛው አሜሪካ ብቻ ነው፤ ከጉንጮቹ ውጭ በኩል ፀጉር የለበሰ የምግብ መያዣ ከረጢት አለው፤ ከፍልፈል ጋር ጉድጓድ በመቆፈርና ሥር በመብላት ይመሳሰል እንጂ ዘሩ ሌላ ነው። ደግሞም ለጎፈሩም ቢሆን፣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ለአትክልት ባለቤቶች ያዘጋጀው መመሪያ ድምፅና ንዝረት የሚሰጡ መሣሪያዎች ጎፈርን እንደሚያባርሩ አልተረጋገጠም ብሎ፣ በቦታቸው ወጥመድን ይመክራል። በተተከለ በሦስተኛው ቀን አዲስ ቁልል ከአንደኛው መሣሪያ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ወጣ፤ መሣሪያው ያን ጊዜም እየጮኸ ነበር። ፎቶግራፉን አያይዣለሁ፤ ማስታወቂያችሁ ላይ ብታወጡት አልቃወምም።

ዋናው ቅሬታዬ የሚመለከተው ሦስተኛውን ጉብኝት ነው። ጥቅምት 9 ቀን ባለሙያችሁ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርጎ መጥቶ፣ በዲጂኖ የዋሻዎቹን አፍ እየከፈተ ከብረት ጠርሙስ ያወጣቸውን ግራጫ እንክብሎች ከጨመረ በኋላ በአፈር ደፈናቸው። ምን እንደሆኑ ስጠይቀው «መድኃኒት ነው» አለኝ። እርሱ ራሱን የሸፈነበትን ነገር እኔና ልጄ በቤት ውስጥ ሆነን ያለ ምንም መሸፈኛ እንድንተነፍሰው ነው የተወን። ከተደፈኑት ጉድጓዶች አንዱ ከመኝታ ቤታችን ግድግዳ በሜትር ስለካው 2 ሜትር ከ80 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይርቃል። በዚያው ሌሊት ነጭ ሽንኩርት የሚመስል ሽታ በወለሉ በኩል ገባ፤ ልጄ ራሷን አሟት ታስመልስ ጀመር። በጎረቤት መኪና ሆስፒታል አደረስኳት። ሐኪሙ ምን እንደተነፈሰች ሲጠይቀኝ የምመልስለት ስም አልነበረኝም። ሌሊቱን ወደ ድርጅታችሁ አምስት ጊዜ ደውዬ የሚያነሳ አጣሁ። እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ በማግሥቱ ተሽሏታል፤ ይሁን እንጂ አራት ሌሊት እህቴ ቤት ለማደር ተገደናል።

በእህል ንግድ ላይ የቆየ አንድ ዘመዴ ሽታውንና የእንክብሎቹን መልክ ስነግረው በጎተራ ለነቀዝ የሚደረገው አሉሚኒየም ፎስፋይድ ሳይሆን እንደማይቀር ነገረኝ። ይህ ኬሚካል ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ ገዳይ ጋዝ የሚያመነጭ ሲሆን ለጋዙም ማርከሻ መድኃኒት የለውም። በአሜሪካ ዩታ ግዛት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2010 በአንድ መኖሪያ ቤት ግቢ ለጉድጓድ አይጦች በተቀበረ በዚህ ኬሚካል ምክንያት ሁለት ሕፃናት እህትማማቾች ሕይወታቸው ካለፈ በኋላ የዚያ አገር መንግሥት በመኖሪያ ቤቶች አካባቢ ለጉድጓድ እንስሳት እንዳይውል ከልክሏል፤ በሌሎች ቦታዎችም ሰው ከሚገኝበት ሕንፃ 100 ጫማ፣ ማለትም 30 ሜትር ያህል እንዲርቅ አዟል። በእኔ ቤት የተቀበረው ሦስት ሜትር ሳይሞላ ነው። የቀበራችሁት ሌላ ነገር ከሆነ ደስ ይለኛል፤ ያንን የማውቀው ግን እናንተ ስትነግሩኝ ብቻ ነው። ጥቅምት 12 እና ጥቅምት 26 ቀን በአካል ቢሮአችሁ ድረስ መጥቼ ብጠይቅ በሁለቱም ጊዜ «የሚመለከተው ሰው ወጥቷል» ተብያለሁ።

በዚሁ ጉብኝት ባለሙያችሁ በካቡ ሥር በዲጂኖ ከከፈታቸው ጉድጓዶች ሦስቱን ሳይደፍናቸው ሄዷል። ደሴ በዳገት ላይ የተሠራች፣ መሬቷም ውኃ ሲጠጣ የሚንሸራተት ከተማ መሆኗን ለናንተ መንገር አያሻኝም። በዚያው ሳምንት ዘግይቶ የጣለው ዝናብ በተከፈቱት ጉድጓዶች ገብቶ የመካከለኛውን እርከን ካብ ሁለት ሜትር ያህል አፈረሰው። ፍልፈሉ ካቡን አስቀድሞ እንዳላላው አልክድም፤ ለዚህም ነው እናንተን የጠራሁት። ይሁን እንጂ የውኃውን በር የከፈተው ፍልፈሉ አይደለም፤ ካቡን መልሶ ለመሥራት ለግንበኛ 3,200 ብር ከፍያለሁ።

እዚህ ላይ ለፍትሐዊነት ያህል አንድ ነገር ልጨምር። ቅሬታዬ በላካችሁት ወጣት ላይ አይደለም። ትሑትና ታታሪ ልጅ ነው፤ ያልተማረውን ሥራ እንዲሠራ የላካችሁት እናንተ ናችሁ። ሥራው የሚቻል መሆኑንም አይቻለሁ። ባለፈው እሑድ ከጢጣ ወዲያ የሚያርሱ አንድ አዛውንት ዘመዴ ሊጠይቁኝ መጥተው ሳለ ትኩሱን ቁልል መርጠው ዋሻውን ከሁለት ስንዝር የማይበልጥ ቆፈሩና አፉን ከፍተው፣ ዶማቸውን ይዘው ዝም ብለው ተቀመጡ። ፍልፈል ዋሻው ተከፍቶ ብርሃንና ነፋስ ሲገባበት ሊደፍን ይመጣል። ቡናው ሁለተኛ ሳይደርስ አንዱን ያዙት፤ ከሰዓት በኋላ ሌላ ጨመሩ። በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮ ትልቁን ፍልፈል የምትይዘው ከጉድጓዱ አጠገብ አድፍጣ እስኪወጣ በመጠበቅ ነው፤ ቀበሮዋ ያለ ደረሰኝ የምታውቀውን ጉዳይ 7,400 ብር የተቀበለ ድርጅት ሊያውቀው ይገባ ነበር። ለአዛውንቱ የከፈልኩት ምሳና የመመለሻ ትራንስፖርት ብቻ ነው። ከዕድሜያቸው አንፃር ግን በየሳምንቱ እየመጡ እንዲያድኑልኝ ልለምናቸው አልችልም።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ ጉዳት ሲደርስበትም ካሣ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002ም ፀረ ተባይ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት መመዝገብ እንዳለበት ይደነግጋል። ስለሆነም ከሁሉ አስቀድሞ፣ ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ፣ በስንዴው ላይ የተለወሰውንና በዋሻዎቹ የተቀበረውን ኬሚካል የተመዘገበበትን ስም፣ መጠኑንና የተቀበረበትን ቦታ በማኅተም በተረጋገጠ ጽሑፍ እንድትሰጡኝ እጠይቃለሁ። ይህን ጥያቄ ከገንዘቡ ጋር የማላያይዘው መሆኑ ይታወቅልኝ፤ ገንዘቡ ቢዘገይ እታገሣለሁ፣ የልጄ ሐኪም የጠየቀው ስም ግን የሚዘገይበት ምክንያት የለም። ከዚያም ሥራውን የሚያውቅ ሰው ልካችሁ የቀረውን እንክብልና ዝቃጩን ከግቢዬ እንድታነሱ፣ የውሉን 7,400 ብር፣ የመሣሪያዎቹን 2,600 ብርና የካቡን 3,200 ብር፣ በድምሩ 13,200 ብር እንድትመልሱልኝ አመለክታለሁ። የዶሮዎቹን ዋጋ በጠቅላላው ላይ አልጨመርኩም፤ እርሱን ለኅሊናችሁ ትቼዋለሁ። ሁለቱን መሣሪያዎች መጥታችሁ መውሰድ ትችላላችሁ፤ አንደኛው አሁንም ይጮኻል።

ሥራውን እንደገና በነፃ እንሥራልሽ የምትሉኝ ከሆነ አልቀበልም። የድንቹን መደብ አፈር አንስቼ ከሥሩ ጠንካራ የሽቦ ወንፊት እያነጠፍኩ ስለሆነ በዚያ መደብ ላይ ማንም ሰው ያለ እኔ ፈቃድ እንዳይቆፍር አሳስባለሁ። ኬሚካሉን ለማንሳት የምትልኩት ሰው በማንኛውም የሥራ ቀን ከ10 ሰዓት በኋላ ቢመጣ እቤት እገኛለሁ፤ ከመምጣቱ በፊት ግን የኬሚካሉ ስም በእጄ መድረስ አለበት። በተባለው ቀን መልስ ካላገኘሁ ማስረጃዎቼን ይዤ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ አቀርባለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ስሟና አድራሻዋ በውሉ ላይ የተመዘገበው ደንበኛ
(ፊርማ)

አባሪ፦ የውሉ ቅጂ፣ የሦስት ክፍያ ደረሰኞች፣ የግንበኛው ደረሰኝ፣ የሆስፒታል ካርድ ቅጂ፣ ሰባት ፎቶግራፎች