ጣት ማንሳቱን ለእኔ ተወው

ይድረስ ለአባዬ፣

እንዴት ነህ? ጉልበትህስ ተሻለው? እኔ ደህና ነኝ። ዛሬ የምጽፍልህ ስለዚያ የጃዝ ፒያኒስትህ፣ ስለ ቢል ኢቫንስ ነው። አትሳቅብኝ።

ባለፈው አብረን ስናዳምጥ፣ “ዋልትዝ ፎር ዴቢ” የሚለው ሙዚቃው ገና ከመጀመሩ ፊትህን አጨማደድክ። “ይሄ የኛው አይደለም፤ ብርጭቆዎቹን አጥፍተዋቸዋል” አልከኝ። ዝም አልኩ። ቅጂው ግን ያው ነው አባዬ።

ታሪኩን በልጅነቴ ያስጠናኸኝ አንተ ነህ። እ.ኤ.አ. ጁን 25 ቀን 1961፣ እሑድ፣ ኒው ዮርክ፣ ቪሌጅ ቫንጋርድ የሚባለው የጃዝ ክለብ፤ ሙዚቃው ታዳሚ ፊት የተቀዳው እዚያ ነው። ኢቫንስ ፒያኖ፣ ስኮት ላፋሮ ባስ፣ ፖል ሞሽን ድራም። ታዳሚው ያወራል፣ ይስቃል። “ማን ፊት እንደተቀመጡ እንኳ አያውቁም!” እያልክ ትናደድባቸው ነበር። ብርጭቆ በተጋጨ ቁጥር ግን ጣትህን ታነሳለህ። እኔም ካንተ ለመቅደም እሽቀዳደማለሁ።

በ11ኛው ቀን ላፋሮ በመኪና አደጋ ሞተ። ገና 25 ዓመቱ ነበር። ኢቫንስም ለወራት ከመድረክ ራቀ። እዚህ ጋ ስትደርስ ሁሌ ድምፅህ ዝቅ ይላል። ኢቫንስ ራሱ በ1980 በ51 ዓመቱ መሞቱን ግን እንደዋዛ ታልፈዋለህ። ለምን እንደሆነ ጠይቄህ አላውቅም።

ዕድሜ ከጆሮ መጀመሪያ የሚወስደው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው። ሲምባሉን፣ ብርጭቆውን። ሰዉ ሁሉ የሚያጉመተምት የሚመስልህም ለዚህ ይሆናል። ወፍራሙ ድምፅ ይቆያል። ስለዚህ ላፋሮ አሁንም አለልህ። የሱ ባስ ደግሞ ከኋላ ሆኖ ምት የሚጠብቅ አይደለም፤ ፒያኖው ሲጠይቅ ይመልሳል፣ አንዳንዴም ቀድሞት ይናገራል።

እኔን የሚያሳስበኝ “ፒስ ፒስ” የሚለው የኢቫንስ የፒያኖ ሥራ ነው። የ1958ቱ፣ የኔ ምርጫ። ግራ እጁ ሁለት ኮርድ ላይ ብቻ ይመላለሳል፣ ቀኙ እንደልቡ ይሄዳል። ወደ መጨረሻው አካባቢ ላይኛዎቹ ቁልፎች ላይ ወፍ የሚንጫጫ የሚመስል ነገር አለ። እሱን እንድታጣው አልፈልግም።

“የጆሮ መስሚያ? እኔ?” እንደምትል አውቃለሁ። ተቆጣኝ፣ ችግር የለም። ስመጣ ግን ሐኪም ጋ አብረን እንሄዳለን። እስከዚያው “ዋልትዝ ፎር ዴቢ”ን ክፈትና ላፋሮን ተከተል። ጣት ማንሳቱን ለእኔ ተወው።

ልጅህ