ያልሠራሁበት ሥራ ቡድን መሪ ነኝ፦ ለግዥና ውል አስተዳደር ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህን በአደባባይ የምጽፈው በመዝገብ ቤትዎ በኩል ያስገባኋቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ሲመሩ ስለኖሩ ነው። ከእርስዎ ቢሮ ወደ ሕግ ክፍል ተመሩ። ሕግ ክፍል ወደ ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤቱ መራቸው። ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ «ጉዳዩ ለሚመለከተው» ብሎ ወደ እርስዎ መለሳቸው። አሁን የት እንዳሉ አላውቅም። እርስዎም የሚያውቁ አይመስለኝም።

ስለዚህ ነገሩን ከመነሻው ልንገርዎት። ረጅም አይደለም።

ቢሮዎ ለአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የደመወዝና የሠራተኛ መረጃ ሥርዓት ለማሠራት ጨረታ አወጣ። አንድ ድርጅት አሸነፈ። ውል ተፈረመ። በውሉ አባሪ ላይ የቁልፍ ባለሙያዎች ዝርዝር አለ። እዚያ ላይ በአንደኛ ተራ፣ ቡድን መሪ በሚለው ሥር፣ የእኔ ስም ተጽፏል። ሙሉ ስሜ፣ ከነአያቴ። የትምህርት ማስረጃዬም ተያይዟል። የሥራ ልምዴማ እኔ ከማውቀው በላይ ረዝሟል።

እኔ በዚያ ድርጅት ውስጥ ሠርቼ አላውቅም። ከዚህ ጨረታ በፊት ለሌላ ሥራ ሲቪ ጠይቀውኝ ሰጥቻቸው ነበር። ያ ሥራ ቀረ። ሲቪው ግን እነሱ ዘንድ ቀረ። ከገጹ ግርጌ ፊርማዬን ሊመስል የሞከረ ጭረት አለ። ሙከራው ብዙም አልተሳካም።

ይህን ያወቅሁት የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ደውሎ ነው። እሱ አሁን የሚሠራው ይኸው ሥርዓት በተጫነበት መሥሪያ ቤት ነው። «አንተ ሰው፣ ደመወዛችንን እንዲህ አተረማምሰህ የት ገብተህ ነው?» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ከዚያ የወሩን የሥራ ሰዓት ሪፖርት በስልኩ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ወሩን ሙሉ ሥራ ላይ ነበርኩ ይላል። አንድም ቀን አልቀረሁም፣ አንድም ቀን አልታመምኩም። እንዲህ ያለ ታታሪ ሠራተኛ በሕይወቴ ሆኜ አላውቅም።

ለቢሮዎ አመለከትኩ። ብዙ ቆይቶ በጽሑፍ የመጣልኝ መልስ በሁለት መስመር የሚያልቅ ነበር፦ የውሉ ተዋዋይ ወገን ስላልሆንኩ ቅሬታዬን ተቀብሎ ለማየት ያስቸግራል።

እዚህ ላይ ትንሽ ብንቆይ ደስ ይለኛል፣ ክቡር ኃላፊ። የቴክኒክ ነጥቡ ሲሰጥ እኔ ነበርኩ። በየወሩ ሂሳብ ሲጠየቅም እኔ ነበርኩ። «ኧረ እኔ የለሁበትም!» ስል ብቻ ጉዳዩ የማይመለከተኝ ሰው ሆንኩ። ተዋዋይ ወገን አለመሆኔንማ መጀመሪያ የነገርኳችሁ እኔው ነኝ።

ደንቡን ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል። ይህን ሥራ ስንት ዘመን የኖሩበት ሰው ነዎት። የአማካሪ ጨረታ ሲገመገም የሚመዘነው በዋናነት ሰው እንደሆነ ያውቃሉ። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. የ2011 የአማካሪዎች ምርጫ መመሪያ ለቁልፍ ባለሙያዎች ብቃት ከ100 ከ30 እስከ 60 ነጥብ ይሰጥ ነበር። ድርጅቱ ራሱ ስላለው ልምድ የሚሰጠው ከዚህ በጣም ያነሰ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ማኅተሙ ሳይሆን ሰውየው ነው። የባንኩ የሲቪ ቅጽ ባለሙያው ራሱ «ለዚህ ሥራ ዝግጁ ነኝ» ብሎ እንዲፈርምበት የሚጠይቀውም፣ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ተጫራቹን ከውድድር ሊያስወጣ የሚችለውም ለዚህ ነው። ቁልፍ ባለሙያ ከውል በኋላ ዝም ተብሎ አይቀየርም። ሞት፣ ሕመም ወይም ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲያጋጥም፣ ያውም ቢያንስ እኩል ብቃት ባለው ሰው፣ ያውም አሠሪው በጽሑፍ ሲፈቅድ ነው።

እኔ እስካሁን አልሞትኩም። ይህን ደብዳቤ እንደ ማስረጃ ይያዙልኝ።

የሚያናድደው ደግሞ የእናንተ ውል ጥሩ ውል መሆኑ ነው። አነበብኩት። ያረቀቀው ሰው ሥራውን ያውቅ ነበር። አሠሪው በማንኛውም ጊዜ የባለሙያዎቹን ዕውቀት በቃለ መጠይቅም ሆነ በተግባር ፈተና መመዘን እንደሚችል ይላል። ያልበቃውን ባለሙያ ማስነሳት እንደሚችል ይላል። ከእያንዳንዱ ምዕራፍ ክፍያ በፊት ፕሮጀክቱ በገለልተኛ አካል እንደሚገመገም ይላል። ከዚህ በላይ ምን ይጻፍ? ችግሩ አንድም ሰው ገጹን አለመግለጡ ነው።

ባለሙያን መመዘን የሮኬት ሳይንስ አይደለም። «ቡድን መሪው ይምጣና ያስረዳን» ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። የግማሽ ሰዓት ጨዋታ ነው። የአንድ ሠራተኛ የደረጃ እድገት ወር አጋማሽ ላይ ሲጸድቅ ሥርዓቱ ደመወዙን እንዴት ያሰላል? የቆየው መረጃ ወደ አዲሱ ሲዛወር የጎደለ መኖሩን በምን ታረጋግጣላችሁ? አዲሱ ሥርዓት ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ለስንት ወር ደመወዝ ይሠራል? እነዚህን የሠራበት ሰው ሳያስብ ይመልሳቸዋል። ያልሠራበት ሰው ደግሞ «በማንዋሉ ላይ ተካቷል» ይላል። ልዩነቱን ለማወቅ የኮምፒውተር ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። አንድ የደመወዝ ክፍል ሠራተኛ ስብሰባው ላይ ብትቀመጥ ትለየው ነበር።

ስብሰባው ላይ የእኔን ወንበር ይዞ የነበረው ማን መሰለዎት? በቅርብ የተመረቀ ልጅ ነው። «የቡድን መሪው ተወካይ» እያሉ ያስተዋውቁት ነበር አሉ። ልጁን አልወቅስም። እንዲያውም ያሳዝነኛል። ቢሮ እያደረ የሚሠራው እሱ ነው፤ ስህተት ሲመጣ የሚሰደበውም እሱ ነው። የሚያስተምረው ትልቅ ሰው አጠገቡ ሊኖር ይገባ ነበር። ያ ሰው በወረቀት ላይ እኔ ነኝ። ሂሳቡ በእኔ ልክ ይጠየቃል፣ ሥራው በእሱ ጉልበት ይሠራል። በመካከል ያለው ልዩነት የት እንደሚገባ ደግሞ ለእርስዎ መንገር አይጠበቅብኝም።

ውጤቱን ሠራተኞቹ ያውቁታል። ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ የተዛወረ ሰው የአገልግሎት ዘመኑ ጠፋ። የብድር ተቀናሽ በአንድ ወር ሁለቴ ተቆረጠ። በወሊድ ፈቃድ ላይ ያሉ እናቶች ከደመወዝ ዝርዝር ወጡ፤ ሥርዓቱ «ሥራ ላይ የሌለ» እና «ሥራ የለቀቀ» የሚሉትን አይለይማ። አራስ ልጅ ታቅፎ ደመወዝ ክፍል በር ላይ ተሰልፎ ማየት ምን እንደሚመስል ባልደረባዬ ነግሮኛል። ስሜ የሰፈረው በዚህ ሥራ ላይ ነው።

ወደ ገለልተኛ ግምገማው ልምጣ። የግምገማ ሪፖርቱን ቅጂ አይቻለሁ። የወረቀቱ ጥራት አያሳማም። ገምጋሚውን የመረጠው ሥራ ተቋራጩ ነው። ክፍያውም የወጣው ከተቋራጩ ኪስ ነው። ቃለ መጠይቅ የተደረገላቸውን ሰዎች ስም ያቀረበውም ራሱ ተቋራጩ ነው። ተፈታኙ ፈታኙን ቀጥሮ ጥያቄውንም አውጥቶ ሰጠው ማለት ነው። በሪፖርቱ ውስጥ ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር አለች፣ ባነበብኳት ቁጥር የምትደንቀኝ። የቡድን መሪው ብቃትና ልምድ ለሥራው ተመጣጣኝ ሆኖ መገኘቱ ተረጋግጧል ትላለች።

የት አግኝተው እንዳረጋገጡኝ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ገለልተኛ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አዲስ መፈልሰፍ አያስፈልግም። አይትሪፕልኢ (IEEE) የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር ያወጣው፣ 1012 የሚባለው የሥርዓትና የሶፍትዌር ማረጋገጫ ስታንዳርድ ገለልተኝነትን በሦስት ይመለከተዋል፦ በቴክኒክ፣ በአስተዳደርና በገንዘብ። የሚገመግመው ሰው ሥርዓቱን የሠራው መሆን የለበትም። ምን እንደሚመረምር የሚወስንለት ሠሪው መሆን የለበትም። በጀቱንም የሚይዝበት ሠሪው መሆን የለበትም። የእናንተ ግምገማ ሦስቱንም ወድቋል። ሦስቱንም ለመጣል እኮ ራሱ ጥረት ይጠይቃል።

«ይህ የወረቀት ጣጣ ነው» የሚሉ እንዳሉ አውቃለሁ። ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት ያገኘኋቸው ኃላፊም በቃል እንዲህ ብለውኛል። ስለዚህ ሁለት ነገር ላስታውስ።

እ.ኤ.አ. በ2016 የካናዳ መንግሥት ፊኒክስ የተባለ የደመወዝ ሥርዓት ሥራ ላይ አዋለ። በ2017 አጋማሽ ላይ ደመወዛቸው እስኪስተካከል የሚጠብቁ የመንግሥት ሠራተኞች ከ150,000 በላይ ሆነዋል። በ2018 ዋና ኦዲተሩ መርምሮ ካገኛቸው ነገሮች አንዱ የገለልተኛ ክትትል አለመኖር ነው። የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ስለ ፕሮጀክቱ የሚሰማው ከፕሮጀክቱ አመራሮች አፍ ነበር። እነሱ ደግሞ «ደህና ነው» ይሉ ነበር። ደህና አልነበረም።

ሁለተኛው የቆየ ነው፤ እንደ አጋጣሚ እሱም ካናዳ ነው። የኩቤክ ድልድይ። አማካሪ መሐንዲሱ ቴዎዶር ኩፐር በዘመኑ ስመ ጥር ነበር። ግን አርጅቷል፣ ጤናውም አይፈቅድለትም፤ ሥራውን የሚቆጣጠረው ኒውዮርክ ተቀምጦ ነው። ብረቱ ሲገጣጠም አንድም ቀን ቦታው ላይ አልተገኘም። በእሱ ፈንታ የተቀመጠው ሥራ የማስቆም ሥልጣን የሌለው ወጣት መሐንዲስ ነበር። የድልድዩ ዋና ክፍል ከ1,600 ወደ 1,800 ጫማ ሲረዝም የራሱ የብረቱ ክብደት እንደገና በወጉ አልተሰላም። የመንግሥት መሐንዲስ ንድፉ በሌላ ዓይን ይታይ ብሎ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ኩፐር ተቃወመ፣ ክብሬን የሚነካ ነው ብሎ። ሐሳቡም ቀረ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 29 ቀን 1907 ድልድዩ ወንዙ ውስጥ ወደቀ። 75 ሠራተኞች ሞቱ። (የብረት ሥራውን የያዘው ኩባንያ ስም ደግሞ ፊኒክስ ነበር። እኔ የፈጠርኩት አይደለም።)

የእኛ ሥርዓት ሰው አይገድል ይሆናል። ግን ነገሩን ይመልከቱት። ስሙ ትልቅ የሆነ ሰው በሌለበት ይቆጠራል። ቦታው ላይ ያለው ልጅ ሥልጣን የለውም። በሌላ ዓይን ይታይ ሲባል ደግሞ የሚቆጣ አለ። ለነገሩ ኩፐር ይሻላል። እሱ ቢያንስ ሥራውን ተቀብሎ ነበር፤ ደመወዝም ይከፈለው ነበር።

እኚያው ኃላፊ ሌላም ነገር ብለውኛል። «አሁን ይህን ካነሳን ፕሮጀክቱ ይጓተታል»። ክቡር ኃላፊ፣ የሠራተኛ ደመወዝ በእጅ እየተሠራ፣ አሮጌው መዝገብ ከመጋዘን እየወጣ፣ ምኑ ነው ገና የሚጓተተው? ይህን ያነሳው እኔ ባልሆን ደግሞ የሚቀጥለው ክፍያ በስሜ ይጸድቅ ነበር። እንዲያውም ሳይጸድቅ አልቀረም።

ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ውሉ ራሱ ስለሚናገር ብዙ አልመክርም። የሥራ ሰዓት ሪፖርት ባለሙያው ራሱ ሳይፈርምና ማንነቱ ሳይረጋገጥ አይከፈል። ቁልፍ ባለሙያ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በአካል ቀርቦ ይመዘን፤ መዛኞቹ ውስጥ ሥርዓቱን የሚጠቀሙበት ሠራተኞች ይኑሩ። ገምጋሚውን እናንተ ምረጡ፣ እናንተ ክፈሉ፣ ሪፖርቱም ለተቋራጩ ከመሄዱ በፊት ለእናንተ ይድረስ። ሌላው ዝርዝር ነው።

የራሴ ጥያቄ ከዚህም ያነሰ ነው። ስሜ ከውሉ አባሪ ይውጣልኝ፣ መውጣቱም በደብዳቤ ይገለጽልኝ። ፊርማዬን አስመስሎ የፈረመው ማን እንደሆነ ለሚመረምር አካል ሰነዱ ይተላለፍ። በስሜ የተጠየቀው ክፍያ በሙሉ ተዘርዝሮ ይሰጠኝ። ይህ ሁሉ አይቻልም ከተባለ፣ እኔ በእርግጥም ቡድን መሪ ነኝ ማለት ነው። እንግዲያውስ እንደ ቡድን መሪነቴ የመጀመሪያ ትእዛዜን ልስጥ፦ ሥርዓቱ ይቁምና እናቶቹ የቀረባቸው ደመወዝ በዚህ ወር ይከፈላቸው።

መልስዎን እጠብቃለሁ። እባክዎ አይምሩት።

ከሰላምታ ጋር
በውሉ አባሪ ተራ ቁጥር 1 ላይ የተጠቀሰው ባለሙያ

ግልባጭ፦
ለሕግ ክፍል
ለፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት
«ጉዳዩ ለሚመለከተው»